ልጄ እንግሊዝኛ ገና ነው፤ ቴኳንዶ ላስመዝግበው? ከሐበሻ ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጄ ቴኳንዶ የጀመረው አሜሪካ በገባን በአራተኛው ወር ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አሠልጣኙ አንድ ነገር ጮክ ብሎ ተናገረ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ግድግዳው ሮጡ። የኔ ልጅ ብቻ ባለበት ቆሞ ቀረ። «አይሰማም» ተባለና አሥር ፑሽ አፕ ተቀጣ።

እኔ ወላጆች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ነበርኩ። ልጄ ሰምቷል፤ አልገባውም እንጂ። ይህን የምናገርበት እንግሊዝኛ ግን በዚያች ሰዓት ከአፌ አልወጣ አለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። አሁን ልጄ ራሱ ትንንሾቹን በማሠልጠን ያግዛል። እኔም አግዳሚው ላይ ከአዳዲስ ወላጆች ጋር እቀመጣለሁ። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ከዲሲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ እናቶችና አባቶች የሚመጡ ናቸው። ስለ ሕግ የጻፍኩትም የአሜሪካን፣ በተለይም የዲሲን ነው። ዓመቶቹም «በኛ» ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝኛ እስኪለምድ ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ይጀምር?

አሁኑኑ ይጀምር። ምክንያቱም የቴኳንዶ ትእዛዝ እንግሊዝኛ አይደለም። ኮሪያኛ ነው። «ቻርዮት» ሲባል ተጠንቀቅ ነው። «ክዩንግኔ» እጅ ንሳ፣ «ጁንቢ» ተዘጋጅ፣ «ሺጃክ» ጀምር፣ «ካልዮ» ተለያዩ፣ «ባሮ» ወደ ቦታህ ተመለስ፣ «ሺዮ» እረፍ፣ «ጉማን» ደግሞ ጨርስ ማለት ነው። ካራቴና ጁዶ ከሆነም ትእዛዙ ጃፓንኛ ነው። በነዚህ ቃላት ፊት እዚሁ የተወለደው ልጅና ትናንት ከቦሌ የመጣው ልጅ እኩል ናቸው። ሁለቱም ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። እንዲህ ዓይነት ቦታ ለስደተኛ ልጅ ብዙ የለም።

ችግሩ የሚመጣው አሠልጣኙ ከኮሪያኛው ሲወጣ ነው። «ጓንታችሁን አምጡና ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁሙ» ያለው በእንግሊዝኛ ነው። የዕለቱን ጨዋታ ሕግ የሚያስረዳውም በእንግሊዝኛ ነው። «አጥፊ» የሚባለው ልጅ የሚፈጠረው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ከታች የምላችሁ ሁሉ ይህን ክፍተት ስለመሙላት ነው።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ቤት ውስጥ ምን ላስተምረው?

ከላይ ያሉትን ስምንት ቃላትና ቁጥር እስከ አሥር፦ ሀና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት፣ ዳሶት፣ ዮሶት፣ ኢልጎፕ፣ ዮዶል፣ አሆፕ፣ ዮል። ደረጃ ሲወርድ ይቁጠር፤ በሁለት ሳምንት ይይዘዋል። ቀበቶውን ራሱ ማሰር ይለማመድ። ሲሰለፉ ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እንዲቆም ንገሩት። ፊት ከቆመ የሚያየው ልጅ የለም። መጨረሻ ከቆመ ደግሞ አሠልጣኙ አያየውም።

አሠልጣኙ «ልጅህ አይሰማም፣ ዓይኔን አያየኝም» አለኝ። ምን ልበለው?

ሁለቱን ለዩለት። ዓይንን አለማየት ከኛ ቤት የወጣ ጨዋነት ነው። ትልቅ ሰው ሲናገረው አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጥ ልጅ እኛ ዘንድ ይመሰገናል። እዚህ «ግድ የለውም» ተብሎ ይተረጎማል። አሠልጣኙ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አንዴ ሲነገረው ግን ብዙ ጊዜ ይገባዋል። ኮሪያውያን አሠልጣኞችማ ቶሎ ነው የሚረዱት። እነሱም ቤት ትልቅ ሰውን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው።

አለመስማት የተባለው ደግሞ አለመረዳት ነው። እዚህ ላይ አሠልጣኙን ሦስት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ከመናገሩ በፊት ያሳይ። ሁለተኛ፣ ልጁን ጎበዝና ታጋሽ ከሆነ ትልቅ ልጅ ጎን ያቁመው። ሦስተኛ፣ «ገባህ?» ብሎ አይጠይቀው። የኛ ልጆች «ገባህ?» ሲባሉ «የስ» ይላሉ። ባይገባቸውም ይላሉ፤ ትልቅ ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ድፍረት ስለሚመስላቸው። «እስቲ አሳየኝ» ቢለው ይሻላል።

ስለ ቅጣት ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ያልገባውን ልጅ ባለማድረጉ መቅጣት ትክክል አይደለም። ያሳዩት፣ ይሞክር፣ ከዚያ ሆን ብሎ ካጠፋ እንደሌሎቹ ይቀጣ። ልዩ ምሕረት አንጠይቅም።

ፊት ለፊት መናገር ከከበዳችሁ በጽሑፍ ላኩለት። እንዲህ ብላችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ማስተርጎም ትችላላችሁ፦ «ልጄ እንግሊዝኛ እየተማረ ነው። ትእዛዝ ሳይፈጽም ከቀረ ምናልባት አልገባውም። እባክዎ በእጅዎ ያሳዩት። እኛም ቤት ውስጥ ቃላቱን እንዲያጠና እናደርጋለን።» ጉግል ትራንስሌት ከ2016 ጀምሮ አማርኛ አለው። አጭር ዓረፍተ ነገር ስጡት። የወጣውን እንግሊዝኛ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስገቡት። ትርጉሙ ከተበላሸ እዚያው ታዩታላችሁ።

ሊገጥም ነው ተባለ። ቋንቋ ሳይችል አደጋ የለውም?

አለው። ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ነው።

አንድ ልጅ ወደ ግጥሚያ ከመግባቱ በፊት ሁለት ነገር መቻል አለበት። ሲያቁሙት መቆም፣ እና ራሱ ማስቆም። ለመጀመሪያው «ካልዮ»ን፣ «ጉማን»ንና «ስቶፕ»ን በእንቅልፉም ቢሆን ማወቅ አለበት። ለሁለተኛው ከአሠልጣኙ ጋር የእጅ ምልክት ተስማሙ። ለምሳሌ ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ ሲያነሣ ጨዋታው ይቆማል። ጁዶና ጁጂትሱ ላይ ይህ ቀድሞም አለ። ተጋጣሚን ወይም ምንጣፉን በመዳፍ ደጋግሞ መታ መታ ማድረግ «በቃኝ» ነው። ቃል አያስፈልገውም። ልጃችሁ መታ ማድረግ ሽንፈት እንዳይመስለው አስረዱት፤ ወንድ ልጅ ታግሦ መቻል አለበት የሚለው ነገራችን እዚህ ላይ ክንድ ያሰብራል።

ጭንቅላት ሲመታ ነገሩ ይከብዳል። አሠልጣኙ ሊጠይቀው የሚገባው «ይዞርብሃል? ያጥወለውልሃል? ራስህን ያምሃል? ብዥ ይልብሃል?» ነው። ልጁ እነዚህን በአማርኛ ይመልሳል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኦኬ» ብቻ ይላል። ስለዚህ አራቱን በሥዕል ካርድ ላይ አድርጋችሁ ቦርሳው ውስጥ ክተቱ። በጣቱ ይጠቁም። ከአራቱ አንዱ ካለ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም፤ ሐኪም ይየው። ቢያስታውክ፣ ራሱን ቢስት ወይም የራስ ምታቱ እየባሰ ቢሄድ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የጾም ቀን ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩ። ረመዳን ላይ ውኃ ያልጠጣ ልጅ «ሰነፈ» እየተባለ ሲሮጥ አይቻለሁ።

እጅ መንሳቱ ስግደት አይሆንብንም?

አማርኛችን ራሱ መልሱን ይዟል። ስግደት ሌላ፣ እጅ መንሳት ሌላ ነው። ኮሪያ ውስጥ አጎንብሶ ሰላምታ መስጠት እኛ ለአባቶች ዝቅ ብለን ሰላም እንደምንለው ነው። እኔ በዚህ ልቤ ዐርፏል። ባንዲራ ፊት ማጎንበስ ግን ሕሊናቸውን የሚከብዳቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም። እነሱ እጅን ደረት ላይ አድርጎ በጸጥታ መቆም ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ አሠልጣኞች እሺ ይላሉ። በግድ ለማስለወጥ መከራከር ግን አስቸጋሪ ነው። በጁዶ ውድድር ማጎንበስን የሚያስገድደውን ደንብ የተቃወመ ክስ በ2002 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ባለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኗል።

ማተቡን አውልቅ አሉት። ልጅቷን ደግሞ ሒጃቧን።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንገት ላይ ያለ ክር በግጥሚያ ወቅት ሊያንቅ ይችላል። የብረት መስቀል ደግሞ ፊት ይቧጥራል። ደንቡ ለሐብልም ለጆሮ ጌጥም እኩል ከሆነ አድልዎ አይደለም። ልጁ ግን በሰው ፊት ከአንገቱ ላይ ሊነጠቅ አይገባም። ማተቡ ምን እንደሆነ ለአሠልጣኙ አስረዱ። በግጥሚያ ሰዓት እጅ አንጓ ላይ አሥሮ በሕክምና ፕላስተር መሸፈን ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እኛ እንዲያ ነው ያደረግነው።

ሒጃብን ግን የስፖርቱ ዓለም አቀፍ የበላይ አካል የሆነው የዓለም ቴኳንዶ ራሱ ይፈቅዳል። በሪዮ 2016 ኦሎምፒክ ኢራናዊቷ ኪሚያ አሊዛዴና ግብፃዊቷ ሂዳያ ማላክ ሒጃብ አድርገው የነሐስ ሜዳልያ ወስደዋል። መርፌ ቁልፍ የሌለው፣ የሚለጠጥ የስፖርት ሒጃብ ይበቃል። «አይቻልም» የሚል ካለ ይህን ንገሩት።

ስሙን መጥራት አቅቷቸው ሌላ ስም አወጡለት።

አስተካክሉ። ዛሬውኑ። «ጸ» እና «ጠ» ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይከብዳሉ፤ እውነት ነው። በትክክል ባይወጣም ሞክሮ መጥራት ግን ክብር ነው። ያ አሠልጣኝ «ክዩንግኔ» ማለትን ተምሮ የለም? የናንተንም ይችላል። ልጁ ራሱ ቅጽል ስም ከወደደ ሌላ ነገር ነው።

ከስም ጋር ሁለት ተጨማሪ ጣጣ አለ። አንዱ የአባት ስም ነው። እናት፣ አባትና ልጅ እኛ ዘንድ የተለያየ የመጨረሻ ስም አለን። ልጇን ልትወስድ የመጣች እናት «ስምሽ ከልጁ አይገጥምም» ተብላ ስትቆም ታዝቤያለሁ። ልጁን መውሰድ የሚችሉትን ሰዎች ስም ሲመዘገብ በጽሑፍ ስጡ።

ሌላው የልደት ቀን ነው። ውድድር ላይ ልጆች የሚመደቡት በዕድሜና በክብደት ነው። በዓለም ቴኳንዶ ደንብ ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት ካዴት፣ ከ15 እስከ 17 ያሉት ጁኒየር ናቸው፤ የሚቆጠረውም በትውልድ ዓመት ነው። አሁን አስቡት። በኛ ኅዳር 2008 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2015 ነው። ጥር 2008 የተወለደው ግን 2016 ነው። በኛ አንድ ዓመት፣ በነሱ ሁለት። በግምት ከሞላችሁት ልጃችሁ ከማይመጥነው ጋር ሊገጥም ይችላል። ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። የስሙን ፊደልም እንደዚያው። ጥቁር ቀበቶ ሲደርስ ሴኡል ካለው የቴኳንዶ ዋና ማዕከል፣ ከኩኪዎን፣ የሚመጣው ሰርተፊኬት በተላከው ፊደል ነው የሚታተመው።

የቀበቶ ፈተና ላይ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። እርግጫውን ያውቃል፤ መልሱን ግን አልመለሰም ተብሎ ወደቀ።

ይህ ብዙ ልጅ ላይ ይደርሳል። ፈተናው ቴኳንዶን ይለካል ወይስ እንግሊዝኛን? ይህንኑ በትሕትና ጠይቁ። አምስቱ መመሪያዎች የሚባሉት፣ ማለትም ጨዋነት፣ ቅንነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና አለመበገር፣ ልጁ በአማርኛ ቢያብራራቸውና ትልቅ ሰው ቢተረጉምለት ምን ይጎድላል? እንዲያውም ትርጉሙ ሳይገባው በእንግሊዝኛ ከሚያነበንበው ይህኛው ይበልጣል። ጥያቄዎቹን ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ እንዲሰጧችሁም ጠይቁ። ለሁሉም ልጅ ቢሰጥ ማንንም አይጎዳም።

ከወደቀ ደግሞ በምን እንደወደቀ ይነገራችሁ። ድጋሚ ለመፈተን ስንት እንደሚያስከፍል ቀድማችሁ እወቁ።

ኮንትራት ፈርም ተባልኩ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው።

ያን ቀን አትፈርሙ። ፎቶ አንሥታችሁ ወይም ቅጂ ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ። የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። የምትፈልጉት ይህ ነው፦ ለስንት ወር ነው? ሲያልቅ በራሱ ይታደሳል? ለማቆም ስንት ቀን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል? የፈተና፣ የልብስና የግጥሚያ ዕቃ ክፍያ ውስጡ አለ ወይስ ለብቻ ነው? ልጁ ቢጎዳ ኃላፊነት አንወስድም የሚለውም ገጽ አለ፤ እሱንም አስነብቡ።

ብዙ ሐበሻ «በሦስት ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል» ይላል። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ ግን ሻጩ ቤታችሁ መጥቶ ወይም በጊዜያዊ ቦታ ሲሸጥላችሁ ነው። ክለቡ በራሱ ቋሚ ቤት ያስፈረማችሁን አይሸፍንም። የየግዛቱ ሕግ ሊለይ ይችላል፤ በዚህ ተስፋ ግን አትፈርሙ።

ታላቅ እህቱ ትተርጉምልኝ?

«ነገ ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው ትተርጉም። ለገንዘብ፣ ለጉዳት ወይም ለቅሬታ ግን አይሆንም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወንድሟ የተከሰሰበትን ነገር ለአባቷ መተርጎም የለባትም። ታለዝበዋለች፤ ወይም ትደብቀዋለች። ሸክሙም ለልጅ ይከብዳል። የሰፈር ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ ይሻላል። በስልክም ቢሆን።

አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም?

የሚወሰነው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ነው።

የግል ክለብ በጥቅሉ አስተርጓሚ የመቅጠር ግዴታ የለበትም። ነገር ግን በዘሩ ምክንያት ልጃችሁን አልመዘግብም ማለት አይችልም። በዘር ምክንያት ውል መከልከል ከ1866 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። የዲሲ የሰብአዊ መብቶች ሕግ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቦታዎች በትውልድ አገር ማዳላትንም ይከለክላል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም በከተማው የመዝናኛ ማዕከል ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ፕሮግራም በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል ይያዛል። በዚሁ ሕግ መሠረት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎችን ጉዳይ ወስኗል። አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት ብቻውን ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ እኩልነት አይደለም አለ። ያን ውሳኔ ባሰብኩ ቁጥር ያ የፑሽ አፕ ቀን ትዝ ይለኛል። በ2000 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ተሰርዟል። የ1964ቱ ሕግ ራሱ ግን አልተሻረም።

ዲሲ የራሷ ሕግ አላት። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡና ዋና ዋና ሰነዶችን እንዲተረጉሙ ያዛል። ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ በከተማው ማዕከል «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም። ቅሬታ ካላችሁ የዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ይቀበላል፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካወቃችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

የቋንቋ ችግር ነው ወይስ አድልዎ? በምን ልለይ?

ሦስት አራት ሳምንት ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። ሌላ ልጅ ያንኑ ሲያጠፋ ምን ይደረጋል? ያ በፈገግታ ታልፎ የናንተው ከተቀጣ ጻፉት። ቀን፣ ሰዓት፣ የሆነው ነገር፣ ማን እንዳየ። ካስረዳችኋቸው በኋላ ተለወጡ ወይ? ቋንቋ ብቻ ከሆነ ይለወጣሉ። በአነጋገሩ ልጆች ሲስቁበት አሠልጣኙ ዝም ካለ፣ ወይም አብሮ ከሣቀ፣ አትቆዩ። ልጁን ይዛችሁ ውጡ፤ ቅሬታው በኋላ ይደርሳል።

ወላጅ ገብቶ ማየት አይችልም አሉኝ።

ሌላ ክለብ ፈልጉ። የአሜሪካ ቴኳንዶና ጁዶ ማኅበራት የሚገዙበት፣ ስፖርተኞችን ከጥቃት ለመጠበቅ የወጣው የሴፍ ስፖርት ደንብ አንድ አዋቂና አንድ ልጅ ብቻቸውን የሚሆኑበትን ሁኔታ ይገድባል፤ ሌላ ሰው ሊያየውና ሊያቋርጠው የሚችል መሆን አለበት ይላል። ሁሉም የግል ክለብ የማኅበሩ አባል አይደለም። ስለዚህ አባል መሆናቸውን ጠይቁ። በእንግሊዝኛ መናገር የማይችል ልጅ የደረሰበትንም መናገር አይችልም። በር የሚዘጋ ቦታ ለሱ አይሆንም።

ልጄ «አልሄድም» ቢለኝስ?

በአማርኛ ጠይቁት፤ መኪና ውስጥ፣ ሳትቆጡ። «ለምን?» አትበሉት። «ምን ሲሉ ነው የማይገባህ?» በሉት። እኔ የፑሽ አፑ ቀን ማታ እንዲህ ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ላይን አፕ ሲሉ ሁሉም ይሮጣል፤ እኔ ወዴት እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። ሁለት ቃል ነበር የጎደለው። እህቱ ሳሎኑ መሐል ቆማ «ላይን አፕ!» እያለች እሱ ወደ ግድግዳው ሲሮጥ አመሹ። ሐሙስ ዕለት ከሁሉም ቀድሞ ግድግዳው ጋ ደረሰ፤ ዞሮም አግዳሚው ላይ ፈለገኝ።